የምንሸከመውን እኛው እንምረጥ

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የውጭ ፊልሞችንና ተከታታይ ድራማዎችን ወደ አማርኛ ለምትመልሱ ተርጓሚዎችና ተራኪዎች
ለ፦ የአገራችን ተከታታይ ድራማዎች ደራስያንና ዳይሬክተሮች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ስለሚሰረዝ ትዝታ

የተከበራችሁ የጥበብ ሰዎች፣

ከወላይታ ዞን፣ ከኪንዶ ኮይሻ ወረዳ፣ ከቤሌ ከተማ ነው የምጽፍላችሁ። እኔ ሻይ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ቤቴ ውስጥ አራት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ የፓስቲ መጥበሻና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለ። ማታ ማታ ባጃጅ ነጂዎች፣ የቀን ሠራተኞችና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሰበሰባሉ። መብራት ካለ ፊልም እናያለን፤ ከሌለ ያየነውን እናወራለን። ብዙዎቻችን ቤታችን የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው። አማርኛ ሁለተኛችን ነው። እንግሊዝኛ የተማሪዎቹ ነው፤ እሱም የሁሉም አይደለም። ስለዚህ ባሕር ማዶ የተሠራ ታሪክ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በእናንተ አፍ ነው። እናንተ ያላችሁትን ሰምተናል፣ ያላላችሁትን አልሰማንም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያላላችሁት ነገር ነው።

ውለታችሁን ሳላነሳ ወደ ቅሬታዬ ብገባ ነውር ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየተናገረ ቤታችን ገባ። የአርቲስቶቻችንን ሥራ ይጎዳል፣ ባህል ይበርዛል ተብሎ ብዙ ሲያከራክር ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ማንበብ የማይችሉ ደንበኞቼ ከተማሪዎቹ እኩል ሲስቁና እኩል ሲያዝኑ ያየሁት ያኔ ነው። በፍላሽ እየተጫነ የሚመጣው የትርጉም ፊልምም፣ አንድ ተራኪ ብቻውን ወንዱንም ሴቱንም ሽማግሌውንም ሆኖ የሚያወራው፣ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ድካማችሁን አውቃለሁ። የምወቅሳችሁም የምሰማችሁ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደንበኞቼ አንዱ ሶዶ ደርሶ ሲመለስ «ሱፐርናቹራል» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ትረካ በፍላሽ አስጭኖ መጣ። ሳምና ዲን የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በአሮጌ ጥቁር መኪና አገር ለአገር እየዞሩ ጋኔንና መንፈስ የሚያድኑበት ታሪክ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1998 እስከ 2013 ዓ.ም. በ15 ምዕራፍ 327 ክፍል ቀርቧል። ጋኔንና ቡዳ ለእኛ እንግዳ ስላልሆኑ ቤቱ ወዲያው ወደደው። ጋኔን የጨው መስመር መሻገር እንደማይችል ካየን ወዲህ አንዱ ባጃጅ ነጂ ጨው ባቀበልኩት ቁጥር «በር ላይም በትኚልን» ይለኛል።

ስድስተኛው ምዕራፍ፣ 21ኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ይህ ክፍል በአገሩ የታየው ግንቦት 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ዲን ከሊሳና ከልጇ ከቤን ጋር አንድ ዓመት ያህል እንደ አባወራ ኖሮ፣ ኋላ ተለያይተዋል። የሲኦሉ ሹም ክራውሊ እሱን ለመያዝ ሲል እናትና ልጁን ያስጠልፋል። ዲን ሊያስጥላቸው ሲሄድ በሊሳ ላይ የሰፈረ ጋኔን በገዛ እጇ ሆዷን በስለት ያስወጋታል። ሆስፒታል ተኝታ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች መልአኩ ካስቲኤል ደርሶ ይፈውሳታል። ቀጥሎ ዲን ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከሁለቱ ጋር ያወራል፤ እነሱ ግን እንደ ማያውቁት ሰው ያዩታል።

እኛ የሰማነው ትረካ «መልአኩ ፈወሳት፤ ዲንም ተሰናብቷቸው ወጣ» የሚል ብቻ ነበር። ሻይ ቤቱ ታመሰ። ስንቱን መከራ አብራው ያየች ሴት እንዴት አላወቀችውም? አንዱ «አኩርፋው ነው» አለ። ሌላው «ጋኔኑ ገና አልለቀቃትም» አለ። ሦስተኛው «በቃ ሴት እንደዚህ ናት» ብሎ ከእኔ ከባድ ምላሽ አገኘ። በመጨረሻ አንድ ተማሪ ሪሞቱን ተቀብሎ ወደ ኋላ መለሰው። ከተራኪው ድምፅ ሥር ጭል ጭል የሚለውን እንግሊዝኛ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ነገረን። ለካ ዲን መልአኩን አንድ ሌላ ነገር ለምኖታል። ከሊሳና ከቤን አእምሮ ውስጥ የእሱን ነገር በሙሉ እንዲያጠፋው ነው የለመነው። ክፍሉ ውስጥ የገባውም «መኪናችሁን የገጨሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» ብሎ ሊዋሽ ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ ወንድሙ የሁለቱን ስም ዳግመኛ ቢያነሳበት አፍንጫውን እንደሚሰብረው ያስጠነቅቀዋል።

የተከበራችሁ ተርጓሚዎች፣ ዲን ትዝታዋን ሰረዘ፤ እናንተ ደግሞ መሰረዙን ሰረዛችሁ።

ለምን እንደዘለላችሁት ብዙ አሰብኩ። ምናልባት ጊዜ አጥሯችሁ ይሆናል፤ ተዋናዮቹ ቶሎ ቶሎ ነው የሚናገሩት። ምናልባትም መልአክ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ማሳየት አማኙን ተመልካች ያስቀይማል ብላችሁ ይሆናል። ወይም «ይህን የሻይ ቤት ሰው አይረዳውም» ብላችሁ። ሦስቱም ምክንያቶች ለእኛ ከማሰብ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ዲንም ያደረገውን ያደረገው ለእሷ አስቦ ነው። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ካወቅን በኋላ ቤቱ ሦስት ማታ ተከራከረ። በሞያሌ በኩል ወጥቶ መንገድ ላይ ብዙ ያየና የተመለሰ አንድ ባጃጅ ነጂ አለን። «ደግ አደረገ» አለ። «እኔም ያየሁትን የሚያጠፋልኝ መልአክ ባገኝ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።» ሁላችንም ዝም አልን፤ ያየውን እናውቃለንና። ኋላ ያ ተማሪ ቀስ ብሎ «አንተ ትለምናለህ፤ እሷ ግን አልለመነችም» አለው። ከዚያ ወዲህ የተናገርነው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

የእኔን ቅሬታ በዝርዝር ላስረዳ። ዲን ይህን ያደረገው ሊሳን ከአደጋ ለማራቅ ነው ይባላል። ግን የተሰረዘው የእሷ አእምሮ ነው እንጂ የክራውሊ አይደለም። ሲኦል ቤቷን ያውቀዋል፣ የልጇን ስም ያውቃል። ጠላት እያስታወሳት እሷ ጠላቷን አታስታውስም። ከአዳኝ ጋር ኖሮ የሚገኘው እውቀት፣ ያቺ የጨው መስመር እንኳን ሳትቀር፣ አብሮ ከጠፋ ነገ በሯ ሲንኳኳ በምን ትጠነቀቃለች? ይህ ጥበቃ ነው ወይስ ውሻን ጥርሱን አውልቆ በር ላይ ማሰር?

ሰፈሩስ? አንድ ዓመት ያህል አብሯት የኖረውን ሰው ጎረቤት አይቷል። ነገ አንዷ «ያ ሰውዬሽ ወዴት ሄደ?» ብትላት ምን ልትመልስ ነው? ቤሌ ቢሆን ይህ ምስጢር ከአንድ የገበያ ቀን አያልፍም። ሴትዮዋ ግን እውነት ከሚናገረው ሰፈር መሃል እብድ ትሆናለች። ልጁ ደግሞ ዲንን ከልቡ የሚወድ፣ እንደ አባት የሚያይ ልጅ ነው። አባት የሌለው ልጅ አንድ ጊዜ ያገኘውን ሰው ማጣቱ ሳያንስ፣ አግኝቶ እንደነበር እንኳ እንዳያውቅ ተደረገ።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የራሱ የዲን ነገር ነው። መልአኩን «የእኔንም አጥፋልኝ» አላለውም። ሀዘኑን ለራሱ አስቀረ፣ የእሷን ወሰደባት። የሚያስታውስ ሰው ሀዘንተኛ ይባላል፣ ይጽናናል፣ ወንድሙ ከጎኑ ይቀመጣል። እሷን ማን ያጽናናት? ምን ደረሰብሽ ብሎ?

ተማሪው በነገሩ ተይዞ ይህን የሚመስሉ ሌሎች ክፍሎችንም እየፈለገ ያመጣልን ጀመር። «ቫምፓየር ዳየሪስ» ላይ ኤሌና የምትወደው ሰው የሞተ ሲመስላት ፍቅሯን ከአእምሮዋ እንዲያጠፋላት ራሷ ትጠይቃለች። ትክክል አደረገች አላልኩም፤ ግን ራሷ ናት የጠየቀችው። የእንግሊዞቹ «ዶክተር ሁ» ላይ በሰኔ 2000 ዓ.ም. በታየው ክፍል ዶና የምትባል ሴት ትዝታዋ ካልጠፋ አእምሮዋ ተቃጥሎ ትሞታለች ይባላል። እያለቀሰች ዶክተሩ እንዳይነካት ትማጸናለች፣ እሱ ግን ያጠፋዋል። ቢያንስ እንቢታዋ በጆሯችን ተሰማ። ተመልካቹም አልረሳላቸውም፤ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ ዶናን ወደ ድራማው መልሰው ትዝታዋን ሰጧት።

ከሁሉም ቤቱን ያስለቀሰው ግን የኮሪያው «ጎብሊን» ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር 2009 ዓ.ም. በአገሩ የታየ። ኪም ሺን የሚባለው ከ900 ዓመት በላይ የኖረ ጀግና አመድ ሆኖ ሲጠፋ በሰዎች አእምሮ ውስጥ ያለው የእሱ ነገር ሁሉ ይሰረዛል። የምትወደው ልጅ ትዝታዋ ከእጇ እያመለጠ መሆኑን ስታውቅ ዝናብ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አውጥታ እየተንቀጠቀጠች ስሙንና መልኩን ትጽፋለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያንን የራሷን ጽሕፈት ታነባለች፣ ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን እንባዋ ይፈስሳል። ደራሲዋ ኪም ኡን ሱክ ትዝታውን አጥፍታለች፤ ባለቤቲቱ ስትታገል ግን አሳይታናለች። ሊሳ ያን ያህል እንኳ አላገኘችም። ተኝታ ነው የተወሰደባት።

የተከበራችሁ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ መልአክ ለመሆን ሞክሬያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ፣ የሚሠራበት ሱቅ ውስጥ፣ ዘራፊዎች ተኩሰው ገደሉት። ከዚህ አካባቢ ስንቱ እንደሄደ፣ ከስንቱ ቤትም እንዲህ ያለ ወሬ እንደደረሰ ታውቃላችሁ። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ወንድሞቼና እኔ ተሰበሰብንና መርዶው ለጊዜው እንዲቆይ ወሰንን። «ስልኩ ተሰርቆበታል» አልናት። በየወሩ ከኪሳችን ብር እያዋጣን «ልጅሽ ላከልሽ» እያልን ሰጠናት፤ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እየመረቀችው ተቀበለች። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሲቃረብ የሀገር ሽማግሌዎች «አሁን ይነገራት» አሉ። እኔ ነኝ «በዓሉ ይለፍላት» ያልኩት። ከሴቶቹ ጋር ለበዓሉ ቅቤ ስታጠራቅም ከርማ ስለነበር ለእሱም ብላ ድርሻ አስቀመጠች። ያን ዓመት ዘፈነች፣ ጨፈረች፣ ቤት ለቤት እየዞረች «ልጄ በሚመጣው ዓመት ይመጣል» አለች።

ኅዳር ላይ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የዕድሩ ሰዎችና ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ። እንደፈራነው ደም ግፊቷ አልገደላትም። አለቀሰች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ተነሳች። በሦስተኛው ቀን ጠራችኝና በወላይትኛ እንዲህ አለችኝ፦ «ስምንት ወር ሳቅሁ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ሳቅሁ፣ ጨፈርኩ። ይህን ሳቅ አሁን ማን ይወስድልኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ሀዘን እንዳይነካት ብዬ ልጇን በሞተበት ቀን የማልቀስ መብቷን ወሰድኩባት። ሊሳ ሆስፒታል አልጋ ላይ ለማታውቀው ሰው በትሕትና ፈገግ ስትል ሳይ ያየሁት እናቴን ነው፤ የሌለ ልጇን ስትመርቅ።

የአገራችን ሰው ትዝታን እንዴት እንደያዘው ልብ በሉ። የአብነት ተማሪ የተማረው እንዳይጠፋበት አብሾ ይጠጣ እንደነበር ሲወራ ሰምተናል፤ የሚያሳብድ መሆኑ እየታወቀ እንኳ ላለመርሳት ሲል። ተዝካር የሚለው ቃል ራሱ ከመዘከር፣ ከማስታወስ የመጣ ነው። ከዘፈን ቅኝቶቻችን አንዱን ትዝታ ብለን ጠርተነዋል። እዚህ ወላይታ ደግሞ የተጣላ ሰው ታርቆ ነው ጊፋታን የሚቀበለው፤ ሲታረቅም በሽማግሌ ፊት «እንዲህ አድርገኸኛል» ብሎ ቁጭ አድርጎ ተናግሮ ነው። በደሉን ያላስታወሰ ሰው ምን ብሎ ይቅር ይላል?

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ተርጓሚዎችና ተራኪዎች፣ የተባለውን በሉን። ጊዜ ካጠረ ቀልዱን ዝለሉ፣ የመኪናውን ዓይነት ዝለሉ፤ የታሪኩ ልብ ያለበትን ልመና ግን አትዝለሉ። የሚከብድ ነገር ቢሆንም አክብዳችሁ ስጡን። ተከራክረን፣ ተቆጥተን፣ የሃይማኖት አባት ጠይቀን እንወጣዋለን።

ሁለተኛ፣ የምትቆርጡት ክፍል ወይም ትዕይንት ካለ ንገሩን። መጀመሪያ ላይ የምዕራፉንና የክፍሉን ቁጥር በአማርኛ አንብቡልን። «እዚህ ቦታ ላይ የዘለልነው አለ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አትከብድም። አላየንም ብለን ማወቅ እና አለማየታችንን አለማወቅ ለየቅል ናቸው።

ሦስተኛ፣ የአገራችን ደራስያን፣ ገጸ ባሕሪን በመኪና አስገጭታችሁ፣ በመድኃኒት ወይም በጠንቋይ እጅ ትዝታውን ስታጠፉ፣ ካሜራውን የሚያስታውሰው ሰው ላይ ብቻ አትትከሉት። ሆስፒታሉ በር ላይ ታሪኩን አትዝጉት። የረሳችው ሴት በማግሥቱ ቤቷ ስትገባ፣ ቁም ሣጥን ስትከፍትና የማን እንደሆነ የማታውቀው ሸሚዝ ስታገኝ አሳዩን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጠይቋት። «እሺ» ካለች እሺ፣ «እንቢ» ካለችም እንቢታዋ ይሰማ።

አራተኛ፣ እንዲህ ያለውን ታሪክ ከገዛ ጓዳችን ጻፉልን። ጋኔን የሚያድን ወጣት ለማግኘት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። አብሾ የጠጣ ተማሪ አለን፤ ሁሉን እያስታወሰ አንዲት ነገር ብቻ መርሳት የሚመኝ። ታፍኖ የከረመ መርዶ አለን። እናቱ በየወሩ የምትመርቀው፣ ምርቃቱ ግን መቃብር ላይ የሚደርሰው ልጅ መንፈስ አለን። ይህን ብትጽፉ ከቤሌ እስከ ጎንደር የራሱ ታሪክ መሆኑን የማያውቅ ሰው አይኖርም።

በዚህ ደብዳቤ ከእናንተ ማንንም ሰው በስም አላነሳሁም፤ ያን ክፍል የተረከውን ሰው ድምፁን እንጂ ስሙን አላውቀውም፣ ድምፁንም እወደዋለሁ። ጥያቄዬን በጎ አድርጋችሁ እንደምትመለከቱትና በሚቀጥሉት ሥራዎቻችሁ ምላሹን እንደምሰማ ተስፋ አደርጋለሁ።

እስከዚያው እኛም የድርሻችንን ጀምረናል። በሚመጣው ቅዳሜ ማታ ያን ክፍል እንደገና ልናየው ነው፤ ተማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቆም እያደረገ፣ ሁሉንም ሊመልስልን ቃል ገብቷል። እናቴም ትመጣለች። ምድጃው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እንደ ልማዷ ክንዴን ነካ አድርጋ «ምን አሉ?» ትለኛለች። በዚህኛው ጊዜ አንዲት ቃል አልቀንስባትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከቤሌ የሻይ ቤት ባለቤት
ወላይታ ዞን